ሲስተር አባንግ የጠበቀችው ዳር

ሐሙስ ነው። ነሐሴ ተጋምሷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሲስተር አባንግ በባሮ ወንዝ ላይ፣ ወደ ኢታንግ በምትሄድ የሞተር ጀልባ ውስጥ ሞተች። ሰዓቱን ያገኘሁት ጀልባዋን ከሚነዳው ከቾል ነው። ትንፋሿ መቆሙን ሲያውቅ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን አየ። ለምን ሰዓት እንዳየ ጠየቅሁት።

«አንድ ቀን ሰው ይጠይቀኛል ብዬ» አለኝ።

የሞተችው በወባ ነው። ይህንንም ያረጋገጠችው ራሷ ናት። ነርስ ስለነበረች፣ በዚያው ሳምንት ሰኞ ጣቷን ወግታ ደሟን መርምራ ነበር።

በማግስቱ ጋምቤላ ከተማ በሚገኘው መሥሪያ ቤቷ በር ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በመስክ ሥራ ላይ እያለች ያረፈችው ባልደረባችን» ይላል። ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ያው መሥሪያ ቤት ከሐምሌ ጀምሮ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ የተለየች» ብሎ ደሞዟን አቁሞባት ነበር። በሕይወት ሳለች ሥራ ላይ አልነበረችም፤ ስትሞት ሥራ ላይ ሆነች። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ያለው ፊርማ የአንድ ሰው ነው።

ብዙ ዓመት ዜና ጽፌያለሁ። ንዴቴን ከጽሑፌ ውጭ ማስቀመጥ ለምጃለሁ። ይህ ግን ዜና አይደለም፤ የማውቃትን ሰው ነው የምጽፈው። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ። ንዴቱን ግን አልደብቅም።

መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው ጫካ የነበሩና በየመንደሩ በታጣቂነት የቆዩ ሰዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ነው። ሲስተር አባንግ እዚያ ከመግባቷ በፊት ኢታንግ ጤና ጣቢያ ትሠራ ነበር። በየክረምቱ በጥይት የቆሰለ ሰው ይመጣላታል። የማን ወገን እንደሆነ አትጠይቅም። ነርስነቱን ለምን እንደተወች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«አንዱን ሰውዬ ከግራ እግሩ ጥይት አወጣሁለት። በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሰውዬ አመጡልኝ፤ አሁን ቀኙ ነው። ሦስተኛ እግር የለውም። ሳይመጣ በፊት እኔ ልሂድበት አልኩ።»

ቢሮ ከገባች በኋላም ስሟ ሲስተር እንደሆነ ቀረ። ረጅም ናት፤ ስትቀመጥ እንኳ ከቆመ ሰው ጋር ትተያያለች። አማርኛዋ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። «ስንት ሰው ነው የምታናግረው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት፤ አሁንም በዚያው እጽፋለሁ።

ከነርስነቷ ያልተዋት አንድ ልማድ ነበር። ከሰው ጋር ቁም ነገር ስታወራ የሰውየውን እጅ ይዛ የደም ሥሩን ትዳስሳለች። ታጣቂዎቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ኮስታራ ሰውዬ፣ ዝናር ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ «እኔ ማንንም አልፈራም» ይላል። እሷ እጁን እንደያዘች የደም ሥሩን ትቆጥራለች። «አፍህ አልፈራም ይላል። እጅህ ግን ከዶሮ በላይ እየሮጠ ነው። በል፣ ማንን ነው የፈራኸው?» ትለዋለች። ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይስቁና እውነቱን ይነግሯታል።

አሠራሯ እንደሌሎቹ አልነበረም። በወንዙ ዳር ባሉት መንደሮች ጠመንጃ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ወንድማማቾች ከብት አዋጥተው ይገዙታል፤ ተራ በተራ ይይዙታል፤ አንዳቸው ሚስት ሲያገባ እንደ ከብት ጥሎሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሲስተር አባንግ ጠመንጃ ከአንድ ሰው እጅ ብቻ አትቀበልም።

አንድ ቀን ኢታንግ ባለው ቅርንጫፍ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ትጥቅ ለፈታ ሰው የሙያ ሥልጠና ይሰጣል መባሉን ሰምቶ ነው።

«ወንድሞች አሉህ?» አለችው።

«አሉ።»

«ይዘኸው እንደመጣህ ያውቃሉ?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። እጁን እንኳ መንካት አላስፈለጋትም።

«ሂድ፣ ይዘሃቸው ና።»

የቢሮው ኃላፊ የዚያን ቀን ከጋምቤላ መጥቶ ነበር። ወጣቱ በሩን እንደወጣ ተነሳባት። «ሲስተር፣ ሰውዬው በገዛ እጁ ሊሰጥ መጥቶ ትመልሽዋለሽ? እኛ ከላይ ቁጥር እየተጠየቅን ነው።»

«ዛሬ ተቀብዬ አንድ ብለህ ትጽፋለህ። ነገ ወንድሞቹ እሱን ደብድበው ሌላ ይገዛሉ። ያኔ ቀንሰህ ትጽፋለህ?»

ወጣቱ በሳምንቱ ከወንድሞቹ ጋር ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ረፋዱን በሙሉ ተጨቃጨቁ። አንዱ ተነስቶ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። ሲስተር አባንግ ከሩቅ ተቀምጣ በቆሎ እየፈለፈለች ትሰማቸው ነበር። በመጨረሻ ታላቅየው ጠመንጃውን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሷ ግን አሁንም አላነሳችውም። ሁሉም እጃቸውን እስኪያሳርፉበት ጠበቀች፤ ከዚያ ወሰደችው።

መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ሥልጠና ሌላው ጉድ ነበር። ወንድማማቾቹ የዓሣ መረብና የጀልባ ሞተር ጠየቁ። ጥያቄያቸውን ይዛ ወደ ጋምቤላ የሄደችው እሷ ናት። የመጣላቸው ግን የፀጉር ማስተካከያ ዕቃ ነው፤ ቀድሞ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር። የአንድ መንደር የቀድሞ ታጣቂዎች በሙሉ ፀጉር አስተካካይ ተደርገው በፎቶግራፍ ተመረቁ። በወሩ ስጠይቃት «ሥራው አልቋል» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «እርስ በርሳቸው ተላጭተው ጨረሱ። አሁን እስኪያድግ እየጠበቁ ነው።» እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከኢታንግ በታች ባሮን ተከትሎ ሲወረድ ሁለት መንደሮች ወንዙን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ስማቸውን አልጽፍም። በየትኛው ዳር የትኛው ብሔረሰብ እንደሚኖርም አልጽፍም፤ ጋምቤላ ውስጥ ይህን የጻፈ ሰው ቀሪውን የሚያነብለት አያገኝም። ሰሜኑ ዳርና ደቡቡ ዳር ብዬ እጠራቸዋለሁ። ወደ ሰሜኑ በበጋ መኪና ይገባል። ወደ ደቡቡ በጀልባ ካልሆነ አይደረስም። ለዓመታት ተገዳድለዋል።

የሰሜኑን ታጣቂዎች የሚመራው ሰው ሻምበል ይባላል፤ ሻምበል ሆኖ አያውቅም። የደቡቡን የሚመራው ሬድዮ ይባላል፤ ጫካ ሳለ የመገናኛ ሬድዮ ይሸከም ነበር። ሲስተር አባንግ በጋውን ሙሉ በታንኳ እየተሻገረች ሁለቱን ስታግባባ ከረመች። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነበር፦ እኛ ሰጥተን እነሱ ባይሰጡስ? ስለዚህ ሁለቱም ዳር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠዋት እንዲያስረክቡ ተስማሙ። ጠመንጃው የሚጫንበት መኪና ያለው በሰሜኑ ዳር ስለሆነ ሰሜኑ ይቀድማል፤ ጀልባ ወዲያው ተሻግሮ የደቡቡን ያመጣል። ሻምበል ግን መቅደሙን እንቢ አለ።

ይህን ንግግር ሰሜኑ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

«እኛ ሰጥተን ጀልባው ባይሻገርስ?» አላት።

«እኔ እዚህ እቀራለሁ። እነሱ እስኪሰጡ እዚህ እኖራለሁ።»

«አንቺ ምን ትጠቅሚናለሽ? ተኩስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን እኔ እዚህ ካለሁ ኦፊሱ ሊረሳችሁ አይችልም። የራሱን ሰው እንዴት ይረሳል?»

ሻምበል እጇን ያዘ፤ እንደሷ አድርጎ የደም ሥሯን ፈለገ። የት እንደሚገኝ ስላላወቀ ክርኗ ላይ ያዛት። በዙሪያው ያሉት ሳቁ። «እሺ፣ አትሮጥም» አለ። በዚህ ቃል ተስማማ።

የርክክቡ ቀን በሚያዝያ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዶች በጠዋቱ በረራ ገቡ። ድንኳን ተተከለ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ ኮፍያና ቲሸርት ታደለ። የሰሜኑ ዳር ወንድማማቾች በየቤተሰቡ እየመጡ፣ ሁሉም እጁን እያሳረፈ፣ ጠመንጃቸውን አስረከቡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ። ቾል ጀልባውን አዘጋጅቶ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ማዶ የደቡቡ ዳር ሰዎች ሸራ ዘርግተው፣ ጠመንጃዎቻቸውን በላዩ ደርድረው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከእኛ ዘንድ ሆኖ ይታያል።

ያኔ ንግግር ተጀመረ። አንዱ እንግዳ «ከዛሬ ጀምሮ ጠመንጃ በማረሻ ተተክቷል» አለ። በዚያ ዳር ማረሻ ያለው ሰው የለም፤ በቆሎ የሚዘሩት መሬቱን በእንጨት እየወጉ ነው። ሲስተር አባንግ እያስተረጎመች ነበርና እዚህ ላይ ቆመች። ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ማረሻ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ንግግሩ ቀጠለ፤ ሌላው ቀጠለ፤ ሌላው ደገመ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ተነሳ፤ እንግዶቹም ተነሱ። መኪኖቹ ሞተር አስነሱ።

ሲስተር አባንግ ከኃላፊው መኪና ፊት ቆመች።

«ጀልባው ዝግጁ ነው» አለችው።

«ሲስተር፣ እንግዶቹ በረራ አለባቸው። ደቡቡን በሁለተኛው ዙር እናደርገዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት።»

«እንግዶቹ ይሂዱ። አንተ ቅር።»

«እኔ ነኝ የምሸኛቸው።»

«አውሮፕላኑ መንገዱን አያውቀውም?»

ሹፌሩ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። በመስኮቱ አውጥቶት የነበረውን እጁን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መስታወቱን ዘጋ።

ከመኪናው ኋላ ሄደች። ሻንጣዋን አወረደች። የሰሜኑ ዳር ሰዎች ከነኮፍያቸው ቆመው ያዩዋታል። የተሰበሰበው ጠመንጃ የተጫነበት መኪና አልፏት ሲሄድ ዞር ብላ አላየችውም። ሻንጣዋን ተሸክማ ወደ ሻምበል ግቢ ገባች። ማዶ ያሉት ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ከዚያ ጠመንጃቸውን ከሸራው ላይ አንስተው ሄዱ። ከዚህኛው ዳር ቆሜ አይቻለሁ።

የሚቀጥለው ሳምንት መጣ፤ ጀልባ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ግን ወጣ፦ «ሁለቱ መንደሮች ሙሉ በሙሉ ትጥቅ ፈትተዋል» ይላል። እኔ ለጣቢያዬ በላክሁት ዜናም ላይ «የሰሜኑ ዳር» የሚለው ተሰርዞ «የሁለቱም ዳር» ተብሎ ተነበበ። ማስተካከያ ጠየቅሁ፤ አልተነበበም። ጋምቤላ ሄጄ ኃላፊውን ቢሮው አገኘሁት።

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?» አልኩት።

«ለተጠናቀቀ ሥራ ምን ሁለተኛ ዙር አለው? ሪፖርቱን አላየኸውም?»

«ሪፖርቱን ማን ጻፈው?»

«ቢሮው።»

«ጠመንጃዎቹን ማዶ ተደርድረው አንተም አይተሃቸዋል፤ እኔም አይቻቸዋለሁ።»

«ስብሰባ አለብኝ» አለ።

ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ተንኮል ቢሆን ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሰው በጠላትነት ሲያደርገው ቢያንስ ያደረገውን ያውቀዋል። ይህ ሰው ለአንድ በረራ ብሎ የአንድን መንደር ሰው ባዶ እጁን ትቶ ሄደ፤ ከዚያም ያልሠራውን ሥራ ሠርቻለሁ ብሎ ስለጻፈ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራው አልቻለም። ቢመለስ ሪፖርቱ ውሸት ይሆንበታል።

ሲስተር አባንግ በሰሜኑ ዳር ኖረች። ሻምበል የሰጣት ጎጆ ውስጥ የታመመ ታያለች፤ በየሳምንቱ በታንኳ ወደ ደቡቡ ተሻግራ እዚያም ታክማለች፤ ሬድዮን «ቆዩ፣ ይመጣሉ» ትለዋለች። ጠመንጃውን ለምን ራሷ እንደማትቀበላቸው ጠይቄያት ነበር። «ተቀብዬ የት አደርገዋለሁ? የሚጭን መኪና የለ፣ የሚያቃጥል የለ። እኔ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ጠመንጃ የሰሜኑ ዳር ጠመንጃ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች።

በሐምሌ ከድንበር ማዶ የመጡ ዘራፊዎች የሰሜኑን ዳር ከብቶች ነዱ። ከደቡቡ ዳር ሰዎች ጋር ግንኙነት እንደሌለው ሻምበል ራሱ ነግሮኛል፤ ዱካው የሄደው ወደ ድንበሩ ነው። ነገር ግን የሚያሳድድበት ጠመንጃ የለውም። በሁለተኛው ቀን በጀልባ ደረስኩ። ወጣቶቹ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተሰብስበዋል። እሷ የአንድ ሕፃን ቁስል ትጠርጋለች።

«ጠመንጃችንን የወሰድሽው አንቺ ነሽ» አላት አንደኛው።

«እኔ ነኝ።»

«ከብቶቻችንን ማን ይመልስ?»

«እኔ አልመልስም። አልችልም።»

«ኦፊስሽ ረስቶሻል፣ ሲስተር።»

«አልረሳኝም። ደሞዜን ሲያቆም ስሜን አስተካክሎ ጽፏል።»

የተቆጣውም ሳይቀር ሳቀ። ሻምበል ግን አልሳቀም። ራቅ ብሎ ቆሞ ነበርና ቀረበ።

«ሂጂ» አላት። «እኛ አንቺን አንከስም። ቃልሽን ያፈረሱት እነሱ ናቸው። ቤትሽ ሂጂ።»

«ብሄድ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የቀሩትን ከብቶች ሸጠን ጠመንጃ እንገዛለን።»

«ማዶ ያሉት ይህን ሲሰሙስ?»

ሻምበል ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«እንግዲያው አልሄድም» አለችው፤ ሕፃኑን ገልብጣ የጀርባውን ቁስል ማየት ጀመረች።

ያን ቀን ስንለያይ ትናደድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኔ አልናደድም። ንዴት ደም ግፊት ነው» አለችኝ። ቀጥላም «አንተ ተናደድ። አንተ ሥራህ ነው፤ ይከፈልሃል» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከቾል ነው፤ ሻምበልና ኢታንግ ያለው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ አረጋግጠውልኛል። ነሐሴ ላይ ባሮ ሞልቶ ወደ ሰሜኑ ዳር የሚወስደው መንገድ በውኃ ተዋጠ። እጇ ላይ የነበረው የወባ መድኃኒት ለመንደሩ ሰው ሲታደል አልቋል። ሰኞ ወባ እንደያዛት አወቀች። ማክሰኞ ጠዋት ለቾል ደወለች፤ «ጀልባ አምጣ፣ ይሄኛው መጥፎ ነው» አለችው።

የመሥሪያ ቤቱ ጀልባ ኢታንግ ታስሮ ቆሟል። ነዳጅ የለውም። ቾል የነዳጅ ማዘዣ ለማስፈረም ቅርንጫፍ ቢሮው ገባ። ማዘዣው ከጋምቤላ ይምጣ አሉት። ጋምቤላ ደወለ። ጀልባው ለሥራ ብቻ ነው፤ የሲስተር አባንግ የሥራ ቦታ ደግሞ ጋምቤላ ከተማ ነው፤ ካለችበት መንደር ሥራ የላትም ተባለ። ረቡዕ እንደገና ደወለ፤ መልሱ ያው ነው። ሻምበል በታንኳ ሊያመጣት አስቦ ነበር። ውኃው በመቅዘፊያ ሽቅብ አያስወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ቾል ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄዶ ቤንዚን በዱቤ ጠየቀ። ሐጂ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ጀሪካኑን ራሳቸው አወጡ።

«ፈቃድ የለኝም፣ ሐጂ» አላቸው ቾል።

«እኔ ፈቅጃለሁ። ሂድ።»

ቁልቁል ቶሎ ደረሰ። ሲመለስ ጎርፉ ያዘው። ጀልባው ውስጥ ሻምበል ጭንቅላቷን ይዞ ተቀምጧል። ኢታንግ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተች።

ቾል ያለ ፈቃድ የመንግሥት ጀልባ አንቀሳቅሷል ተብሎ የዲሲፕሊን ክስ ተመሥርቶበታል። የክሱን ወረቀት አሳይቶኛል። ኃላፊውን ስለ ነዳጁ ጠየቅሁት። «አሠራር አለ» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ እኔ ራሴ የደም ሥሬን ያዝኩ። ይህ አሠራር ለእንግዶች ድንኳን ከጋምቤላ ድረስ ሲያስጭን ነዳጅ አላጣም። ፀጉር የሌለው መንደር ድረስ የፀጉር ማሽን ሲልክ ማዘዣ አልጎደለውም። የራሱን ሠራተኛ ከውኃ ለማውጣት ሲሆን ብቻ የሥራ ቦታዋ የት እንደሆነ አስታወሰ።

ቅዳሜ ኢታንግ ተቀበረች። ከመሥሪያ ቤቱ የአበባ ጉንጉን መጣ።

እሑድ ወደ ደቡቡ ዳር ተሻገርኩ። ሬድዮን ያገኘሁት የታንኳ ቀዳዳ በጭቃና በጨርቅ ሲደፍን ነው። ለምን እስካሁን እንዳላስረከቡ ጠየቅሁት። በጥያቄው የሰደብኩት ያህል አየኝ።

«ለማን? ማን መጣ? እኛ ያን ቀን ሸራ ዘርግተን ተቀምጠናል። አንተ አላየኸንም?»

«አይቻችኋለሁ።»

«በየሳምንቱ 'ቆዩ፣ ይመጣሉ' ትለናለች። ቆየን። አንድም ጥይት ወደዚያ አልተኮስንም፤ ሻምበልን ጠይቀው።»

ጠይቄዋለሁ። አልተኮሱም።

ሬድዮ እጁን ከጭቃው አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። «እሷ እኛን ስትጠብቅ ሞተች» አለ። «እኛ ቢሮውን ስንጠብቅ ነበር። ቢሮው ካልመጣ እኛ እንሄዳለን። ነገ።»

«ወንድሞችህ ይስማማሉ?»

«አብረው ነው የሚመጡት። የሌሎቹም።»

ጎርፉ ከዓርብ ጀምሮ ጎድሎ ነበርና፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደቡቡ ዳር ሰዎች ሌሊቱን ሲቀዝፉ አድረው በታንኳዎች ኢታንግ ገቡ። የቀበሌያቸው ሊቀ መንበር አብሯቸው አለ። ጠመንጃዎቹን በሸራ ጠቅልለው ተሸክመዋል። መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊስ ጉዳዩ የቢሮው ነው ብሎ፣ አንድ ፖሊስ አጅቧቸው ወደ ቅርንጫፉ ላካቸው። በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

የግቢው ጥበቃ በሩን አልከፈተም። አጥሩ ላይ አዲስ የተሰቀለውን ሰሌዳ በጣቱ አሳያቸው። ጦር መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል።

«ልንሰጣችሁ ነው ያመጣነው» አለው ሬድዮ።

«ውጭ አስቀምጣችሁ ግቡ።»

«ውጭ ለማን?»

ጥበቃው ገብቶ አንድ ሠራተኛ ጠርቶ መጣ። ሠራተኛው የመንደሩን ስም ጠየቀ፤ ገብቶ ቆየ፤ ወጣ።

«የእናንተ መንደር በሚያዝያ ትጥቅ ፈትቷል» አላቸው። «ሪፖርት ተደርጓል።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሬድዮ፣ ሸራውን በእግሩ ነካ አድርጎ።

«እሱን እኔ አላውቅም። የመንደራችሁ መዝገብ ተዘግቷል። አሁን ከተቀበልኳችሁ ከርክክቡ በኋላ የገባ ሕገ ወጥ መሣሪያ ነው የሚሆነው። ከየት አመጣችሁት ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ለእናንተም አይበጅም።»

ሊቀ መንበሩ ጋምቤላ እንዲደወል ለመነ። ተደወለ። ኃላፊው አዲስ አበባ ለስብሰባ መሄዱ ተነገረ። አጅቧቸው የመጣው ፖሊስ ተራው ማለቁን ተናግሮ ሄደ። ፀሐዩ ከረረ። ከወንድማማቾቹ አንዱ እዚያው በር ላይ ጥለነው እንሂድ አለ፤ ሬድዮ ልጆች ያነሱታል ብሎ ከለከለው።

ስድስት ሰዓት ላይ ጥቅሎቹን አንስተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጠመንጃዎቹን በታንኳዎቹ ሆድ ውስጥ አጋድመው፣ ሸራውን አልብሰው፣ ወደ ደቡቡ ዳር ቀዘፉ።